ለለገጣፎ መስኮቶች የቀረበ ማመልከቻ

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ማመልከቻ መጻፍ የምችል ሰው በመሆኔ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግያለሁ፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት የክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየካ ሚካኤል አካባቢ ውሃ የተቋረጠበት፣ በአጥር የተከራከረ ወይም የልደት ካርዱ ላይ ስሙ የተሳሳተበት ጎረቤት ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም አልጠላሁትም። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፌ ላይ ስትቆም፣ ምን እንዳመጣት ሳልጠይቅ መነጽሬን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ ሳይከሱኝ አልቀሩም» አለችኝ።

«ማነው የከሰሰሽ?»

«ካርታው።»

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክስ አልነበረም፤ እገዳ ነበር። ሰዎች በስልካቸው አገልግሎት ሲፈልጉ በአቅራቢያቸው ያለውን የሚያሳያቸው ካርታ ላይ የእሷ ድርጅት የራሱ ገጽ ነበረው። ስሙ፣ ስልኩ፣ የሥራው ፎቶግራፎችና የደንበኞች አስተያየት እዚያ ይታያሉ። መልእክቱ በአጭሩ፣ ድርጅቱ አለሁ ባለበት ቦታ ባለመገኘቱ ገጹ ከካርታው ተነሥቷል ይላል። ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል።

የእህቴ ልጅ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ሱቅ ተከራይታ፣ ሦስት የስፌት መኪናዎች አስገብታ፣ ከአንዲት ሠራተኛዋ ጋር ትሠራለች። ሠራተኛዋ ከወላይታ የመጣች፣ እጇም ምላሷም ፈጣን የሆነች ሴት ናት። ሱቁ ሲከፈት ሰፈሩ በደንብ ተቀብሎት ነበር። ነገር ግን መጋረጃ በየዓመቱ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሲሞላ የሚያሰፋው ሰው ሁሉ አሰፍቶ ጨረሰ። ሦስተኛዋ መኪና ጨርቅ ተሸፍኖባት ከረመች። በሐምሌ ወር የንግድ ፈቃድ ማደሻ ይደርሳል። እሷም ሥራው እስከዚያ ካልተነሣ ፈቃዱን አታድስም፤ ትመልሳለች፤ ወደ ቀድሞ ቅጥሯ፣ ወደ ልብስ ፋብሪካው ትገባለች ብላ ገና በመስከረም ወስና ነበር። ይህን የነገረችኝ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አቀዝቅዛ ነው። ፈቃድ መመለስ ምን ያህል ወረቀት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ዳግመኛ ለመውጣትም ልብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ።

አዲስ መስኮት የነበረው ለገጣፎ ነው። ከመገናኛ በኮተቤና በካራ አድርጎ በሚወስደው ታክሲ የሄደ ሰው ያየዋል፤ ያቺ ጎረቤት ከተማ በየወሩ ቤት ትጨርሳለች፣ የገባባትም ሰው ለጊዜው አንሶላ ይሰቅላል። የእህቴ ልጅ በታክሲው መስኮት በኩል አንሶላ የተሰቀለባቸውን መስኮቶች ስትቆጥር ሄዳ ስትቆጥር ተመልሳለች።

«በአንድ ጉዞ ብቻ አርባ አንድ አንሶላ፣ ጋሼ። ባለ አበባውን ሳልጨምር።»

«ባለ አበባውን ለምን ተውሽው?»

«እሱ መጋረጃ ሊሆን ይችላላ! ሰው እንዳላስቀይም ብዬ።»

ችግሩ ከለገጣፎ ሆኖ በስልኩ መጋረጃ ሰፊ የሚፈልግ ሰው የካን አለማየቱ ነው። ካርታው በቅድሚያ የሚያቀርበው ቅርብ ያለውን ነው። ይህን ያስተማራት ሰው የለም። ማታ ማታ ቪዲዮ አይታ፣ ራሷ ሞክራ፣ ተሳስታ አርማ የደረሰችበት ነው። አንድ ገጽ በፍለጋ ወደ ላይ የሚወጣው ለፈላጊው ቅርብ ሲሆን፣ ሰው የሚጽፈውን ቃል ሲይዝና እውነተኛ ደንበኞች ሲመሰክሩለት እንደሆነ ስታስረዳኝ፣ እኔ የማውቀውን ሙያ በሌላ ልብስ ያየሁ መሰለኝ።

መዝገብ ቤት ውስጥ የፋይል ዋጋ የሚታወቀው በተቀመጠ ጊዜ ሳይሆን በተፈለገ ጊዜ ነው። በእኛ ቤት «የቋሚ ንብረት ግዥና ርክክብ» የሚል ፋይል ነበር። ማንም በዚህ ስም ጠይቆት አያውቅም፤ ሁሉም የሚለው «የጄኔሬተሩን ፋይል ስጡኝ» ነበር። ኃላፊ ስሆን በመጀመሪያው ሳምንት በማውጫው ውስጥ «ጄኔሬተር» የሚል ሁለተኛ ካርድ አስገባሁ። አለቆቼ ደንብ ጣስክ አሉኝ፤ ካርዱ ግን እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ እዚያው ነበር። የእህቴ ልጅም ሰማያዊ ደብተር ነበራት። ደንበኛ በደወለ ቁጥር «ምን ብለው ፈልገው አገኙን?» ብላ ትጠይቅና የሰጧትን ቃል ሳትለውጥ ትጽፋለች። «መጋረጃ የሚለካ ሰው»፣ «ስስ መጋረጃ ከነብረቱ»፣ «ቤት ድረስ መጥቶ የሚሰቅል»። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ያንን የመሰለ ማውጫ ያዘጋጀ ወጣት ሠራተኛ አላገኘሁም።

ታዲያ እንዴት ታገደች?

በጥር ወር ነው። በለገጣፎ አንዲት ደንበኛ ነበረቻት፤ ብቸኛዋ። ወላጆቿ የለገጣፎን መሬት ያርሱ የነበሩ፣ እሷ ግን ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች፣ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ የምትጫወት ደግ ሴት ናት። የእህቴ ልጅ መጋረጃዋን ሰቅላ ስትጨርስ ጭንቀቷን አጫወተቻት።

«ምን ቸገረሽ» አለቻት ሴትዮዋ፣ «እኔ በር ላይ አድርጊዋ! ቤቴ ቤትሽ አይደለም እንዴ?»

እሷም የካርታውን ምልክት ከየካ አንሥታ ለገጣፎ፣ ሴትዮዋ በር ላይ አስቀመጠችው።

በዚህ ልፈርድባት አልቻልኩም። እኛ አገር የሰው አድራሻ የራሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የመሥሪያ ቤታችን የፖስታ ሳጥን የግማሽ ሰፈር ደብዳቤ ይመጣበት ነበር፤ «በእገሌ በኩል ይድረስ» የሚል ፖስታ ስንት ጊዜ በእጄ አድርሻለሁ። የሌላውን በር እንደራስ በር መስጠት በእኛ ዘንድ ዝምድና እንጂ ውሸት አይባልም። ካርታው ግን ዝምድና አይቆጥርም።

ለጥቂት ሳምንታት ሰመረ፤ ከለገጣፎ ሦስት ሰዎች ደወሉ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ሳይደውል ምልክቱን ተከትሎ በአካል ሄደ። የሆነውን ሴትዮዋ ራሷ በስልክ ነገረችን፤ ሳቋ ንግግሯን እየቆራረጠው።

«በሩን አንኳኳ። ‘መጋረጃ ቤቱ ይህ ነው?’ አለኝ። እኔ ምን ልበል? መጋረጃ ያለበት ቤት ነው አልኩና አስገብቼ የሳሎኑን አሳየሁት። ‘ስንት ነው?’ ሲለኝ፣ ኧረ ይሄ የኔ ነው፣ አይሸጥም አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ!»

በቁጣው ምክንያት ይመስለኛል ለካርታው ኩባንያ ጥቆማ ሰጠ። ገጹ በሳምንቱ ተነሣ። ከእሱ ጋር የአምስት ዓመት የደንበኞች አስተያየትና የየካዎቹ ፎቶግራፎች አብረው ጠፉ። የእህቴ ልጅ ለለገጣፎ ብላ የካንም አጣች።

እኔ ጉዳዩን ስይዝ በመጀመሪያ የጠየቅኳት አንድ ጥያቄ ነው።

«ልጄ፣ ሥራሽ እንዴት እንደሚሠራ በእውነቱ ንገሪኝ። ደንበኛ ወደ ሱቅሽ ይመጣል?»

«አይ ጋሼ። ጨርቁን ይዤ እኔ ነኝ የምሄደው። እለካለሁ፣ እዚህ እሰፋለሁ፣ ሄጄ እሰቅላለሁ።»

«ታዲያ ሱቅሽ የካ ነው፤ አገልግሎትሽ ደግሞ ለገጣፎ ይደርሳል። ይህን የሚጽፉበት ቦታ የለም?»

ስልኳን አውጥታ ነካካች። ከቅንብሩ ውስጥ ድርጅቱ የሚገኝበትን ቦታ ለብቻ፣ አገልግሎት የሚሰጥባቸውን ከተሞች ለብቻ የሚያስሞላ ቅጽ አገኘች። ለወራት ከዓይኗ ሥር የነበረ ቅጽ ነው። አልተናደደችም፤ «እውነቱን ለመጻፍ ቦታ ነበረው ለካ» ብላ ምልክቱን ወደ የካ መለሰችና ለገጣፎን ከሥሩ መዘገበች።

የድርጅቱን መግለጫ እኔ ላዘጋጅ ብዬ «የቤት ውስጥ ማስዋቢያ ጨርቃ ጨርቅ ስፌትና ተያያዥ አገልግሎት» የሚል ረቂቅ ይዤ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ከመኪናዋ ቀና ብላ አዳመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይህን የሚፈልግ ሰው ኦዲተር ነው እንጂ መጋረጃ ፈላጊ አይደለም» አለች።

ረቂቄን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። መግለጫው ከሰማያዊው ደብተር ተወሰደ።

የመጀመሪያውን ይግባኝ ከፋሲካ በኋላ አቀረብን። ስሕተቱን አመነች፤ ማረሟን ገለጸች፤ የንግድ ፈቃዱን ፊትና ጀርባ አያያዘች። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት አንድ ገጽ ሙሉ ነበር፣ አንድም ትርፍ ቃል አልነበረበትም። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፤ የቀረበው ፈቃድ በሥራ ላይ ያለ ባለመሆኑ ይግባኙ ተቀባይነት አላገኘም፤ ጉዳዩ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ሊታይ ይችላል።

የእህቴ ልጅ ፈቃዷ ሳታውቀው የተሰረዘባት መስሏት ያን ዕለት ወረዳ ሄደች፤ መዝገቡን አይተው ምንም ችግር የለበትም ብለው መለሷት። ሠራተኛዋ ግን እኔን በዋዛ አልለቀቀችኝም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት፣ ጋሼ? ሠላሳ አንድ ዓመት?»

ቀልድ ነበር፤ ሆኖም ወጋኝ። በማግስቱ እንደ ልማዴ በጠዋት ወደ እንጦጦ በኩል በባሕር ዛፉ መካከል ወጣሁ። ከተራራው ወገብ ላይ ቆሜ ወደ ምሥራቅ ሳይ የለገጣፎ ጣሪያዎች በፀሐዩ ያብረቀርቁ ነበር። እኔ ግን የማየው ያንን ወረቀት ነው። አዲስ ለሚገቡ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሁልጊዜ የምላቸው ነገር ነበር፦ ሰነድን ለመመርመር፣ አይተኸው የማታውቅ ሰው ሆነህ አንብበው። ወርጄ ቤቴ ገባሁና ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ከየት እንደመጣ እንደማላውቅ ሆኜ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ጀርባው ላይ ደረስኩ። የዕድሳቱ ማኅተም ተመትቷል፤ በማኅተሙ ውስጥ በእጅ በጉልህ የተጻፈው «2017» ነው።

በእኛ ዘመን ያለንበት ዓመት ነው። ያንን ወረቀት ባሕር ማዶ ሆኖ ለሚመረምር ሰው ግን ፈቃዱ ከታደሰ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀን ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ቀኑን ለሌላ ሰው ዓይን ሳላሰላ መላኬ ነው። ጥፋቱ የእሷም የወረዳውም አልነበረም፤ የእኔ ነው። ይህንኑ ለሠራተኛዋ ጭምር ሄጄ ነገርኩ። ለጥቂት ጊዜ መኪናዋን አቁማ ካየችኝ በኋላ፣ «እንግዲህ ያመነ ሰው ይቅር ይባላል» ብላ መስፋቷን ቀጠለች።

ለሁለተኛው ይግባኝ የወረዳ ደብዳቤ እንዲያያዝ ወሰንን። የእህቴ ልጅና እኔ ተያይዘን ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ትሑት ነበረች።

«ደብዳቤው ለምን ጉዳይ ነው፣ አባባ?»

«ለካርታ ነው።»

«ካርታ ከሆነ መሬት አስተዳደር ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ።»

የቤት ካርታ ሳይሆን የስልክ ካርታ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደ። መጨረሻ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» በሚል ተጻፈ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲሆን ስጠይቃት «የፈረንጁን እኔ አልጽፍም፣ ብሳሳትስ?» አለች። ትክክል ናት፤ ሠራተኛ የማያውቀውን ቀን መጻፍ የለበትም። እኔ አሰልቼ፣ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ አመሳክራ፣ ከዚያ በኋላ ነው የጻፈችው። ማኅተሙም ፊደል ሳይነካ በትክክል ዐረፈ።

የካርታው ኩባንያ ተንቀሳቃሽ ምስልም ይጠይቃል፤ ከመንገዱ ተነሥቶ ሳይቋረጥ ታፔላውን አሳይቶ፣ ሱቁ በቁልፍ ሲከፈት እስከ ውስጥ የሚዘልቅ። የሱቁ ሠራተኛ ቀረጸች። መሐል ላይ አንድ ታክሲ ቆሞ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው የሞላ!» እያለ ይጮኻል። እንደገና ይቀረጽ አልኩ።

«ለምን ጋሼ?» አለች የእህቴ ልጅ፤ «የካ መሆናችንን ከእሱ የበለጠ ማን ይመሰክራል?»

ስለ አቆጣጠራችን ልዩነት ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ዓመታችን በየትኛው ወር እንደሚጀምርና በማኅተሙ ላይ ያለው ቁጥር በእነሱ አቆጣጠር መቼ እንደሚያበቃ። ሁሉንም በግንቦት ወር አጋማሽ ላክን። ከዚህ በኋላ ሌላ ይግባኝ የለም።

የእህቴ ልጅን ይበልጥ ያከበርኳት በጥበቃው ጊዜ ነው። እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ለገጣፎ ውስጥ የሰፋችላቸውን አራቱንም ቤቶች ባለቤቶች አስፈቅዳ የመስኮቶቻቸውን ፎቶግራፍ አነሣች፤ በራሷ ትንሽ የድረ ገጽ አድራሻ ላይ ለለገጣፎ ብቻ የሚሆን አንድ ገጽ ከፈተች። የመስኮቱ ስፋት፣ የጨርቁ ዓይነት፣ ከልኬት እስከ መስቀል የወሰደው ቀን ከሥሩ ተጻፈ። ያቺ የለገጣፎ ሴት፣ በሯ ላይ የሆነው ነገር ቅር ሳያሰኛት፣ እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ በኦሮምኛ የሚባለውን በስልክ ታስጽፋት ነበር። መጋረጃ «ጎልጋ» ነው። እናትየው ከኋላ ሆነው የመስኮቱን፣ የበሩን፣ የአልጋውን እየለዩ ሲያርሟቸው ይሰማ ነበር። ገጹ በሁለቱም ቋንቋ ወጣ።

የአክስቷ ልጅ በዚያ ሰሞን በቀና ልብ መጥታ፣ ገጹ ሲመለስ ከጓደኞቿ ጋር ሃያ አስተያየት እንደምትጽፍላት ቃል ገባችላት።

«አንቺ መቼ መጋረጃ አሰፋሽ?» አለቻት የእህቴ ልጅ።

«አሰፋለሁ እኮ፤ ሳገባ!»

«ስታገቢ ትጽፊያለሽ።»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣዬን ከፍ አደረግኩ፤ ደስታዬ እንዳይታይብኝ። ከታገደች በኋላ ገጽ ለማስመለስ አንዲት እውነት ያልሆነች ቃል እንኳ ከአፏ አልወጣችም። ሥራው ባይነሣ በሐምሌ ፈቃዷን ልትመልስ ወደ ወረዳው መስኮት እንደምትሄድ እያወቀች ነው።

መልሱ የመጣው ሐሙስ ሰኔ 12 ቀን ነው። አራት መስመር ነበር፦ ሰነዶቹ ተመርምረዋል፤ ድርጅቱ በየካ የሚገኝና አገልግሎቱ ለገጣፎን የሚያጠቃልል መሆኑ ተረጋግጧል፤ ገጹ ከነሙሉ አስተያየቶቹ ተመልሷል። የእህቴ ልጅ አነበበችው፤ ስልኩን ለሠራተኛዋ ሰጠቻት፤ ሠራተኛዋ እንግሊዝኛ ስለማታነብ የእህቴን ልጅ ፊት አየችና እልልታውን ለቀቀችው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ «ማን አገባ?» ብሎ ወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን እንደ ነበረ ልጻፍ፤ ማጋነን አልወድም። ስልኩ በዚያው ቀን አልጮኸም፤ በማግስቱም። በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ አንድ የለገጣፎ አባወራ ደወሉ፤ አዲስ ቤት፣ አሥራ አንድ መስኮት። እሷም ደብተሯን ስባ የተለመደውን ጠየቀቻቸው።

«ምን ብለው ፈልገው አገኙን?»

«ጎልጋ ብዬ ነዋ፤ እናንተ ብቻ ናችሁ የመጣችሁት» አሏት።

በሳምንቱ ውስጥ ከዚያው ሰፈር ሌሎች ሁለት ተከተሉ፤ አንደኛው አሥራ አንዱን መስኮት በዓይኑ አይቶ የመጣ ነው። ሦስተኛዋ መኪና የተሸፈነችበት ጨርቅ ተነሣላት፤ የሚሠራባትም ሰው ተፈለገ። ስለ ልብስ ፋብሪካው ከዚያ ወዲህ አንሥታ አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

በሐምሌ አጋማሽ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ወረዳው አብሬያት ሄድኩ። የሚጻፍ ማመልከቻ አልነበረም፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብቻ ጠበቅኳት። የንግድ ፈቃዷ ለሚቀጥለው ዓመት ታድሶ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም ተደርጎበት በእጇ የተሰጣት ማክሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።